የእንስራው አንዲት ፍሬ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1986 ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ተራራማዋ መንደራችን ሻውካፓምፓ ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይወርድ ነበር። የከብት ሌቦች ግን አልዘገዩም።

እኛ ሻውካፓምፓዎች ሌባ እስኪመጣ እንተኛለን፤ ከሄደ በኋላ ስብሰባ እንጠራለን። በዚያ ዓመት በሁለት ነገር ተከራከርን፦ የሌሊት ጥበቃውን ማን ይምራ፣ መሪውንስ እንዴት እንምረጥ።

ሴቤሪያኖ መምራት ፈለገ። ዝምተኛ ገበሬ ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው የሚተኛውም የሚነሳውም በእሱ ፉጨት ነው። ውሻው እንኳ ሳያስፈቅድ አይጮኽም ይባላል። ቤት እንዲህ ያቀና ሰው መንደር አያቅተውም ብሎ ያምን ነበር።

ተቀናቃኙ አብዶን ነበር። የሴቤሪያኖን ልጅ ክርስትና ስላነሳ አበልጅ ይባባላሉ፤ የመስኖ ውሃ ካጣላቸው ወዲህ ግን አንዱ የአንዱን ደጃፍ አይረግጥም። አብዶን ታች ወንዙ ዳር፣ ውርጭ የማይደርስበት ማሳ አለው። ከመንደሩ እዚያ ብቻ የሚበቅለውን ወይን ጠጅ መልክ በቆሎ ሚስቱ ከስኳር ጋር አፍልታ መጠጡን ለተሰብሳቢው ታድል ነበር። ሴቤሪያኖ አንድም ቀን አልቀመሰላትም።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆነ።

«ምርጫ ባርኔጣ በማንሳት ነው» አለ ሴቤሪያኖ። «ለአንድ ቤት አንድ ባርኔጣ። አባቶቻችን ሰውን ፊት ለፊት እያዩ ነበር የሚመርጡት። ተደብቆ የሚሠራ ሌባ ብቻ ነው።»

«እኛም ባርኔጣ አለን» አለች ከሴቶቹ አንዷ። «የሚቆጠረው ግን የባሎቻችን ነው።»

«ባልሽ ያነሳልሽ የለም ወይ?»

«የእኔ ባል? የበላበትን ሳህን እንኳ አንስቶ አያውቅም!»

ሳቁ ሲበርድ አብዶን ተነሳ። «አበልጄ፣ ሰው ፊትህን እያየ ላንተ ካላነሳ ምን ሊያደርግ ነው? አንተ እኮ ፊትህን አይተኸው አታውቅም።»

በመጨረሻ ምርጫው በምስጢር እንዲሆን ወሰንን። ይህንን የወሰንነው ባርኔጣ አንስተን ነው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ሁሉ ከገዛ ቤቱ አንድ ፍሬ ይዞ ይመጣል፤ ለሴቤሪያኖ በቆሎ፣ ለአብዶን ባቄላ። ፍሬውን አንገተ ጠባብ እንስራ ውስጥ ይጥላል። እንስራው በካባ ይሸፈናል።

በምርጫው እሑድ ሴቤሪያኖ ባቄላ ጣለ። በእኛ ዘንድ ራሱን የሚመርጥ ሰው ያፍራል። ደግሞም ሐሳብ አልገባውም፤ ከገዛ ቤቱ ብቻ አራት ሰው አለው።

ቆጣሪ የነበረው የትምህርት ቤቱ አስተማሪ እንስራውን ካባው ላይ ገለበጠው። ባቄላ ወረደ። ባቄላ። አሁንም ባቄላ። ክምሩን በጣቱ በተነውና አንዲት የበቆሎ ፍሬ አገኘ።

 ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «ዶን ሴቤሪያኖ፣ አይዞዎት፤ ለዘር ትሆናለች!» አለ።

አስተማሪው ፍሬዋን አገላብጦ አያት። ሴቤሪያኖ መዳፍ ላይ አኖራት። ሴቤሪያኖ ሳያያት ጨበጣትና ሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተታት። ሳቁ እስከ ቤቱ በር ድረስ ሸኘው።

ቤተሰቡ ድንች ዙሪያ ተቀምጦ ነበር። ማንም ቀና አላለም።

«አንድ ሰው አልከዳኝም» አለ ሴቤሪያኖ። «ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ካላወቅኩ በዚህ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም። ቡራቡሬዋ ጥጃ የእሱ ናት።»

«እኔ ነኝ፣ አባባ!» አለ ልጁ ሴጉንዶ።

«ምን ያለው ቀጣፊ ነው!» አለች ሴት ልጁ ፍሎርሚራ። «እኔ ነኝ እንጂ፣ አባባ። እርስዎን ትቼ ማንን ልመርጥ?»

«ልጄ» አሉ አማቱ ማማ ሳንቶሳ፣ «እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» ከሠርጉ ቀን ወዲህ «ልጄ» ብለውት አያውቁም።

ሚስቱ ኤርሜሊንዳ ድንቹን መላጧን አላቋረጠችም። «እኔ ባቄላ ነው የጣልኩት።»

ሦስቱም ዘወር ብለው አዩዋት።

«በፉጨትህ አንድ ቤት መነሳቱ ይበቃል» አለችው። «መንደሩ ምን አደረገህ?»

ሴቤሪያኖ ሚስቱን አተኩሮ አያት። ጥጃዋን ያልፈለገች እሷ ብቻ ነበረች። ሠርታም የማትናገር ሴት ናት። በቆሎዋን የጣለችው እሷ ሳትሆን አትቀርም አለ በልቡ።

ቢሆንም ማረጋገጥ ይወዳል።

«የጣላችኋት ፍሬ መልኳ ምን ነበር?»

«ነጭ» አለ ሴጉንዶ።

«ቢጫ» አለች ፍሎርሚራ።

«ዓይኔ ደክሟል፤ የበቆሎ መልክ» አሉ ማማ ሳንቶሳ።

ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺስ? የአንቺስ?»

«ነገርኩህ እኮ፣ ሰውዬ። የባቄላ መልክ።»

ሴቤሪያኖ ወደ ግቢ ወጣ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፍሬዋን ከሰደርያው ኪስ አውጥቶ መዳፉ ላይ አያት። ጥቂት ቆይቶ፣ ውስጥ ያሉት በዚያ ቤት ሰምተው የማያውቁትን ድምፅ ሰሙ። ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ማንንም በፉጨት ሳይቀሰቅስ ተነሳ፤ ወይን ጠጅ መልክ ያላትን ፍሬ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ቡራቡሬዋን ጥጃ ወደ ወንዙ ዳር ነድቶ አብዶን ደጃፍ ላይ አሰራት።