የጋሽ ሳህሌ ካውያ

ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን ከተማ የሚኖሩት ጋሽ ሳህሌ ለልጃቸው ለኖላዊት ባል ሲመርጡ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ወንድ።

እሳቸው ይህን ቢሉ ያምርባቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን የማያደንቅ የለም፤ እጅጌው ላይ እንኳ አንዲት መስመር አይታይበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥራዬ ሥራ ሲሄዱ፣ ምድር ቤት ወርደው ይተኩሳሉ። «ሰው ካየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል» ይላሉ። ወይዘሮ ሥራዬ ሲመለሱ ባላቸውን ላብ በላብ ሆነው፣ እያለከለኩ ያገኟቸዋል። አንጀታቸውን ይበሉታል።

የኖላዊት ወዳጅ ዮናታን የላካቸው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ «ልጁ ራሱ ይምጣና ይተኩስ» ተባለ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዮናታን ካውያ ጨብጦ አያውቅም።

ሬድመንድ ከተማ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውለው ዮናታን የሚለብሰው የማይጨማደድ የሚባለውን ሸሚዝ ነው። ዋይት ሴንተር ሰፈር የተከራየው ቤት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው የልብስ ማድረቂያ አለ። ማሽኑ ሸሚዙን ያሞቃል፤ ከዚያ ሙቀቱን አጥፍቶ ዐሥር ደቂቃ በቀዝቃዛ አየር ያንከባልለዋል፤ ሲጨርስ ጆሮ የሚበጥስ ደወል ይጮኻል። ዮናታን በዚያችው ቅጽበት ሮጦ አውጥቶ ከሰቀለው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ይመስላል። ከዘገየ ተጨማዶ ቁጭ ነው።

ቅዳሜ ዕለት፣ ወይዘሮ ሥራዬ ስለ እንግዳው ከሥራ ቀርተው ሳለ፣ ጋሽ ሳህሌ የዮናታንን እጅጌ ዳበሱ። መስመር ፈለጉ፤ አጡ።

«ማን ተኮሰልህ?»

«ራሴ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ኦኬ። ሶ፣ ሦስት ሸሚዝ ታጥቦ ቁጭ ብሏል። ቤዝመንት እንውረድ።»

በሩ ከውስጥ ተቆለፈ።

ኖላዊት እናቷ ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ አለቀልኝ! ካውያ በእጁ ነክቶ አያውቅም!»

«ምን?! አባትሽ እኮ በካውያ ቀልድ አያውቅም!» አሉ ወይዘሮ ሥራዬ።

ሁለቱም ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ከታች የሆነ ነገር ያጉረመርማል።

«ተቆጥቷል» አሉ እናት በሹክሹክታ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። አርባ ሆነ። ጉርምርምታው አላቆመም። ኖላዊት ማልቀስ ጀመረች።

ድንገት ከታች ጆሮ የሚበጥስ ደወል ጮኸ፤ ወዲያው ሁለት ሰው ሲሮጥ ተሰማ።