የጓሮው እንግዳ ወፍ

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ምን ዘጋው? ቀለሙን ብቻ ንገሪኝ!» ሲል የትርንጎ ባል ጮኸባት። ሞራ የጋረደው ዓይኑ ወደ ጓሮው ፈጧል። «እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ግቢ ሰምቼ አላውቅም!»

«ልጃችን ሲቀበር በረሃ ለበረሃ ስትፈልገው የከረምከው ወፍ መስሎህ ነው?» አለች ትርንጎ።

«ዛሬም ያንን ታነሺብኛለሽ?» ድምፁ ለስለስ አለ። «ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱን ፍለጋ ነው። ደረቱ ቀይ፣ ጭራው ነጭ ነው። በልጃችን ሞት ይዤሻለሁ፣ እዪልኝ!»

ትርንጎ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ወፉ ጓሮው ውስጥ ከተቀመጠ ሳህን ላይ ጥሬ ይለቅም ነበር። ቀይ ደረቱን ነፋ፤ ነጭ ጭራውን ዘረጋ። ዓይኗ እስኪጠግብ አየችው።

«ድንቢጥ ናት» አለችው።

ባሏ ወንበሩን እየዳበሰ ተቀመጠ። ወፉ ተነሥቶ ከአጥሩ ማዶ በረረ።