ሽማግሌ ፊት የተበላ ምሳ

«አቁሚው!» ይላል ጋሼ ኸሊል።

ፈትሂያ ፊልሙን ታቆመዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል፤ ፊት ለፊታቸው አንድ ወፍራም ሰው ሥጋ ወደ አፉ አስጠግቶ ቀርቷል።

«ይኼ ተዋናይ ክርስቲያን ነው፣ አይደል?»

«ወልደ ዮሐንስ ይባላል፣ ጋሼ።»

«አላልኩም! ሥጋውን ያነሳዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ባዶ አፉን ያላምጣል። የማንን ቤት ሥጋ ነው የሰጣችሁት?»

«እናቴ ናት የሠራችው።»

ካሜራ የሚይዘው ቢያዝን አንገቱን ይደፋል። በቀረጻው ዕለት ወልደ ዮሐንስ የእስላም ሥጋ አልቀምስም ሲል፣ «አላምጥ ዝም ብለህ፣ ማን ያይሃል?» ያለው እሱ ነው።

ጋሼ ኸሊል ያያል። ፒያሳ ላይ ቪዲዮ ቤት በነበረው ዘመን ማይክሮፎን ይዞ የህንድ ፊልም ሲተረጉም የኖረ ሰው ነው። ህንድኛ አያውቅም፤ ሕዝቡ ግን እሱ አልቅሱ ያለበት ቦታ ላይ ያለቅስ ነበር። ዛሬም ጎንደር ውስጥ ፊልም የሠራ ሁሉ ሳይጨርሰው በፊት አንዴ ለእሱ ያሳያል።

ፈትሂያ የጠራችው ግን ለአስተያየት ብቻ አይደለም። የፊልሙ ታሪክ የራሱ የኸሊል ነው። ወንድሟ ሱሀይብ የኸሊልን ልጅ መርዋን በፈለገ ጊዜ፣ አባቷ አብዱልመናን ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ቤቱ ሄደ። ጥያቄው ሳይመለስ መቀመጥ የለምና ቆሙ። ኸሊል እሺም እምቢም ሳይል ምሳውን በላ። አባቷ በታመመ እግሩ ቆሞ አስጨረሰውና ተመለሰ። መርዋ ለሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ተዳረች። አባቷ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን ቃል አልተነፈሰም፤ ፈትሂያ የምታውቀው አንደኛው ሽማግሌ የነገራትን ያህል ነው።

ዛሬ እዚህች የስቱዲዮ ጓዳ ውስጥ፣ ኸሊል ራሱን አይቶ ትሪውን ሲገፋ ማየት ነበር የፈለገችው። እሱ ግን እናቷ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ያበሰለችውን ጥብስ እየጎረሰ ስህተት ይለቅማል።

«ደግሞ ሰውየው ያፍራል። አቀርቅሮ ነው የሚበላው። ምነው? የሚያፍር ሰው መጀመሪያውንም አይበላም!»

«ታዲያ እንዴት ይብላ?»

«እያያቸው ነዋ! እያጣጣመ። አይ ፈቲ፣ አንቺ ክፉ ሰው አጋጥሞሽም አያውቅ።»

ቢያዝን ያስላል። ጉንፋን የለበትም።

«እርስዎ ቢያሳዩንስ፣ ጋሼ?» ትላለች። «ሰውየው ፊልሙ ውስጥ ያለው እዚህች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ካማረ ወልደ ዮሐንስን አውጥቼ እርስዎን አስገባለሁ።»

«ኧረ እኔ ሽማግሌው!» ይላል፤ ወዲያው ኮቱን አስተካክሎ ትሪውን ወደ ራሱ ይስባል።

ፈትሂያ በሽማግሌዎቹ ፈንታ በሩ ላይ ትቆማለች። ቢያዝን ካሜራውን ያስነሳል።

ኸሊል ይበላል። አጥንቱን ይግጣል፣ ጣቱን ይልሳል፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አይነቅልም። የሚናገረው ቃል አልተሰጠውም። እሱ ግን አፉን እንደሞላ፦

«አንተ ሽማግሌ! ግድግዳውን እንዳትደገፍ። ትናንት ነው የተቀባ።»

ይህ እሷ የጻፈችው አይደለም። ሽማግሌውም አልነገራትም። ያን ቀን አባቷ ሲገባ ግን የነጭ ጀለቢያው ትከሻ አረንጓዴ ቀለም ነክቶት ነበር። እናቷ በላምባ ልታሸው ስትል «ተይው» ብሎ ቀማት። ከየት እንዳገኘው ማንም አልጠየቀም።

እግሩ ከድቶት ነበር ማለት ነው።

«እህስ?» ይላል ጋሼ ኸሊል።

«ንግግሩን ከየት አመጡት?»

«እኔ እንጃ፣ መጣልኝ። ቪዲዮ ቤትም እንዲሁ ነበር የሚመጣልኝ።»

«ሸጋ ነው። አንዴ ይድገሙልኝ።»

ይደግመዋል። ሁለተኛው ይብሳል።

«ፊልሙ ሲመረቅ ማን ማን ይጠራል?»

«ሽማግሌዎች አሉ» ትላለች። ከአባቷ ጋር የቆሙት ሁለቱም በሕይወት አሉ። «ፊት ወንበር ይያዝላቸዋል።»

«ስሜስ ይገባል?»

«መጀመሪያ ላይ ነዋ፣ ከነአያትዎ። ሰፈርዎም ይግባ እንዴ?»

«ይግባ እንጂ! ሌላ ኸሊል እንዳይመስላቸው።»

ወደ ካሜራው ዞሮ ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ያያቱን ስም፣ ሰፈሩን፣ አንድ በአንድ ረጋ ብሎ ይናገራል። የፊት ጥርሶቹ መሃል አንዲት ክር ሥጋ ተሰክታለች። ቢያዝን «ልንገረው?» በሚል ዓይን ወደ ፈትሂያ ያያል።

እሷ በእጇ ካሜራውን ጠጋ አድርግ ትለዋለች።