ሁለት ሚሊሜትር

ሥራ አስኪያጇ ከግድግዳው አራት እርምጃ ርቃ ቆማ ሁለቱን ወረቀቶች ታያለች። ሁለቱም ላይ ያው አንድ ቃል ነው ያለው፦ «ቀደም»፤ የአውቶቡስ ድርጅቷ አዲሱ ስም። ፊደሎቹ ወፋፍራም፣ ክብ ክብ፣ ጌጥ የሌላቸው ይሁኑ ብላ ነበር ያዘዘችው። ግራው የወንድሜ ነው፤ ቀኙ የእኔ። የትኛው የማን እንደሆነ አልነገርናትም። የመረጠችው አርባ አውቶቡስ ላይ ይወጣል።

«አይቸኩሉ እትዬ፣» ይላታል ወንድሜ ብሩሹን በጨርቅ እየጠረገ። «ፊደል እንደ ጫማ ነው፤ ትንሽ ካልተራመዱበት አይታወቅም።»

ትስቃለች። ሰው ሁሉ ይስቅለታል። እዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች የግማሾቹን ስም የጻፈው እሱ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ግን አልዘለለም። እኔ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የፊደል ቀረጻ ተምሬ ስመለስ፣ ጎረቤቱ «የባለብሩሹ ታናሽ መጣ» ነበር ያለው። እስካሁንም ሌላ ስም አላወጡልኝም።

ዓይኗ ወደ ግራ በሄደ ቁጥር እኔም አብሬ አያለሁ። የእሱ «ቀ» ጉንጯን ነፍታ የተቀመጠች ልጅ ትመስላለች። ሳልወድ በግዴ እወዳታለሁ። የእኔን ክቦች በኮምፓስ ነው የሠራኋቸው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነው «ደ» ጋር በማስመሪያ እኩል ናቸው፣ የፀጉር ያህል ልዩነት የላቸውም።

«ይኼኛው፣» ትላለች። ጣቷ ቀኙን ያሳያል።

የእኔ ነው። ጠጋ ብዬ አውራ ጣቴን በ«ቀ» አናት ላይ አሳርፋለሁ። እርጥብ ነው። ጣቴ ጥቁር ሆኗል።

ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የ«ቀ» እና የ«ም» አናት ላይ በብሩሽ ቀለም ተጨምሮባቸዋል፤ ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከ«ደ» ጣሪያ ትንሽ አልፈዋል።

ወዲያው ይገባኛል። ክብ ከጠፍጣፋ ጋር እኩል ሲሆን ለዓይን ያጥራል፤ ትንሽ ማሳለፍ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት፣ የሁለተኛው ሳምንት ትምህርት። ማስመሪያዬን አምኜ ዘነጋሁት።

ወንድሜ ጆሮዬ ሥር ይመጣል። «አንተ ቁርስ ልትበላ ስትወጣ ነው የጨመርኩባቸው። አጥረው ታዩኝ። እንዳትቆጣ።»

ቢያሸንፈኝ ይሻለኝ ነበር። ተሸናፊ ቢያንስ ቂም ይይዛል።

«የማን ነው?» ትጠይቃለች።

«የታናሼ፣» ይላል፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«ያኛውም ደስ ይላል፤ ይኼ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዴት አድርገህ ነው?»

ሁለቱም ያዩኛል። እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ።

«የዓይን ማረሚያ ይባላል፣» እላለሁ፣ በመምህሬ ቃል፣ በመምህሬ ድምፅ። ክብ ለምን እንደሚያጥር፣ ስንት ከፍ ማለት እንዳለበት አስረዳታለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች።

ወንድሜ ብሩሹን አስቀምጧል። አንገቱን አዘንብሎ ይሰማኛል፤ ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም።

«ለካ ስም አለው፣» ይላል።

ፊቱ ላይ ፌዝ ፈልጌ አጣለሁ። እሱ እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ «የዓይን ማረሚያ» የሚለውን መዳፉ ላይ ይጽፈዋል፣ ፊደል በፊደል፣ እንዳይረሳው።