ማቆሚያዋ ቁልፍ

በዚያ ዘመን ጥፋተኛ ወህኒ አይወርድም፤ ነፍሱ በድሮ የጌም ቤት ጨዋታ ውስጥ ትቆለፍና የእጅ መጫወቻው ለቤተሰቡ ይሰጣል። ወይዘሮ አጸደም የልጃቸውን የኪሩቤልን የሦስት ዓመት ፍርድ በመዳፋቸው ተቀበሉ። ከእሳት ኳስ ሲሸሽ ባዩት ቁጥር አንጀታቸው አልችል እያላቸው ማቆሚያዋን ይጫናሉ። በምሳ ሰዓት ያሳርፉታል፤ ማታም ያስተኙታል። በሰንበትማ ከነጭራሹ አያስሮጡትም።

አንድ ዓመት ሲሞላው ሴት ልጃቸው ማሕሌት መጥታ ስክሪኑን ስታይ ክው አለች።

«እማዬ፣ የቆመበት ጊዜ እኮ ከፍርዱ አይታሰብለትም! የጨረሰው ገና ሁለት ወር ነው።»

ወይዘሮ አጸደ ማስጀመሪያዋን ተጫኑ። ኪሩቤል ሁለት እርምጃ እንደሮጠ እሳቱ ጀርባውን ለበለበው። ቀና ብሎም «እማዬ፣ በእናትሽ አቁሚው!» እያለ ጮኸ።

ወይዘሮ አጸደ ድምፁን ዘጉት።