የጥያቄ ምልክት ብቻ

ተርጓሚው የፊልሙን የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ሲከፍተው አማርኛው የለም። ከእያንዳንዱ የቻይንኛ መስመር ሥር የተደረደረው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ዘግቶ መልሶ ይከፍተዋል፤ ያው ነው።

ጉዱ አሁን ነው የሚገባው። ጠዋት ፋይሉ ሲደርሰው የቻይንኛው ፊደል ተዘበራርቆ ነበር። መጻፊያ ፕሮግራሙ ላይ ኢንኮዲንጉን፣ ኮምፒውተሩ ፊደል የሚለይበትን ኮድ፣ ወደ ድሮው የቻይንኛ ሲቀይርለት ፊደሉ ፏ አለ። ደስ ብሎት ሙሉውን ተረጎመና እዚያው ላይ ሴቭ አደረገው። ያ ኢንኮዲንግ ደግሞ ለሀ ሁ ቦታ የለውም። ማስጠንቀቂያም ብቅ ብሎለት ነበር፤ እሱ ምን ተዳው፣ ሳያነበው እሺ ብሎት አለፈ።

«ምነው ልጄ? አይጀምርም እንዴ?» ትላለች እናቱ። ጆሮዋ ከደነቆረ ወዲህ ድምፅዋን መመጠን ትታለች። ሐኪሙ የሰው ከንፈር እያየሽ ተለማመጂ ቢላት፣ «የሰው አፍ ላይ አፍጥጬ ቃል አልለምንም» ብላ ከጎረቤት ጋር መጫወቱንም ተወችው። የቀራት ጨዋታ ልጇ እሑድ እሑድ የሚተረጉምላት ይሄ ተከታታይ ፊልም ነው። ያለፈው እሑድ ልጅቷ አባቷ በር ላይ እንደቆመች ነው ያበቃው፤ ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይዞላት እንደሚመጣ አያውቅም፤ ያስፈራዋል።

ኮምፒውተሩ ላይ በትልልቁ ይጽፍላታል፦ «እማዬ፣ ትርጉሙ ጠፋብኝ። ለሚቀጥለው እሑድ ላድርሰው?»

መነጽሯን አድርጋ ታነባለች። «ኧረ በሕግ! ልጅቷን አባቷ በር ላይ አቁማችሁብኝ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ልጣ?»

ፊልሙን ከፍቶ ቻይንኛውን እያየ እዚያው ሊጽፍላት ይሞክራል። እሱ አንዱን መስመር እስኪጨርስ ልጅቷ አልቅሳ፣ ተቆጥታ፣ ደግማ አልቅሳለች። እናት እጇን ጣቶቹ ላይ ትጭናለች።

«ተወው መጻፉን።»

ፊልሙን ታስቆምና ወንበሯን ወደ እሱ ታዞራለች። አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ትመልሰዋለች፤ ልጅ ሆኖ አፍንጫውን ስትጠርግለት እንዲህ ነበር የምትይዘው። «ይሄ ጢምህ ከንፈርህን በልቶታል፤ ነገ ትላጨዋለህ። በል ንገረኝ። ቀስ እያልክ።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ያለችውን ሊነግራት ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማዬ።»

ዓይኗን ከከንፈሩ አትነቅልም።

«እሱማ ገባኝ» ትላለች። «ቀጥል።»