የሕያው ሰው መርዶ

ጡሩንባው ጎህ ሳይቀድ ከታችኛው ሰፈር ተሰማ። የፋብሪካው ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ማን ሞቶ ይሆን ብሎ ከአልጋው ቀና አለ። የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ሽማግሌ አጥሩ ሥር ቆመው የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠሩ። ስሙ የኃላፊው የራሱ ነበር፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

በፒጃማው ሮጦ ወጣ። ጎረቤት ደጁን ሞልቶታል፤ አንዷ ደረቷን እየደቃች ነው።

«ጋሼ፣ በቁሜ ይቀብሩኛል እንዴ?»

«ውሸት ከሆነ ማስተባበያ ስጣ» አሉት ሽማግሌው። «ሥራህ አይደል?»

«ምን በደልኩዎት?»

«ፋብሪካው የተናደ ዕለት በሬዲዮ ሠራተኞቹ በሙሉ ደህና ናቸው አልክ። ልጄ እስካሁን ከፍርስራሹ ሥር ነው። ደህና ነው ከተባለ ወዲህ የሚቆፍርለትም፣ የሚያለቅስለትም ጠፋ።»

ጡሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ፋብሪካው መንገድ ጀመሩ።

ኃላፊው ለጎረቤቶቹ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚስቱ ከቤት ወጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አካፋ በትከሻዋ ይዛለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? ይኸው ቆሜያለሁ እኮ» አላት።

ዞር ብላም አላየችው። በአጠገቡ አልፋ ሽማግሌውን ተከትላ ሄደች።